አውድማዋን ሊያርስ የወጣው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ከወንዝ ማዶ በጥቁር አፈር ላይ የሚኖር ገበሬ ነበረ። ያለው አንድ ልጅ ነበር፤ እሱንም በድንጋይ ገደሉበት።

ዘምዘም፣ ጥያቄሽን ዘንግቼው አይደለም። ራዲዮኑ ስለ ኢየሩሳሌም ጦርነት ሲያወራ ቆይቶ ዝም ሲል፣ «ጋሼ፣ ምድር እንዲህ ሰፍታ ሳለች አይሁዱም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያችኑ አንዲት ቦታ ቅድስት የሚሉት ለምንድን ነው? አንዳቸው እንኳ ሌላ ቦታ አይፈልጉም ወይ?» ብለሽኛል። ያ ገበሬም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ልጁን ቀብሮ፣ በሬ ጠምዶ ነው። ስለዚህ መልሱን ከእሱ ስሚው።

ከሰውዬው ደጅ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ባሻገር፣ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ነበር። ሣሩ ለፍየል አይበቃም፤ ውሃውም ከታች ከወንዝ ተቀድቶ በጀርባ የሚወጣ ነው። አናቱ ላይ አንዲት አሮጌ አውድማ ነበረች። ምድሯ ከስንት ዘመን ጀምሮ በበሬ ኮቴ ተረግጦ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ ነፋስ አይለያትም። በኮረብታው ዙሪያ ሦስት ቤተሰቦች ሰፍረዋል፤ ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባትየው የወላጆቹን አገር ትቶ፣ ከሩቅ መጥቶ፣ ማንም ያልፈለገውን ያን ኮረብታ ያቀና ሰው ነበር። ቤቱን የሠራው አውድማዋ ጥግ ላይ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ቤቱን ወራሪ አቃጠለውና መሠረቱ ብቻ ቀረ።

ልጆቹ ታላቅ ወንድም፣ መካከለኛ እህትና ከሌላ እናት ተወልዶ በበረሃ ያደገ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ሦስቱም አርጅተዋል፤ የልጅ ልጅ አይተዋል። እህል የሚያበራዩበት ሌላ አውድማ በየደጃቸው አላቸው። በአባታቸው አውድማ ላይ ግን እህል አይወቃም። ይጸልዩባታል እንጂ። ችግሩ ሲጸልዩባት እየተገፋፉ ነው። ታላቅየው በመሠረቱ ዙሪያ ድንጋይ ይክባል፤ የእህቱ ልጆች መንገድ ዘጋብን ብለው ያፈርሱታል። እህትየዋ መብራት ታቆማለች፤ የታናሽየው ልጆች በስግደታችን ፊት ቆመ ብለው ያነሡታል። ታናሽየው ሰሌኑን ያነጥፋል፤ የታላቅየው ልጆች ጠቅልለው ወደ ገደል ይጥሉታል። ሦስቱ ሽማግሎች «ተዉ» ይላሉ። «ተዉ» የሚሉት ግን የየራሳቸውን ልጆች አልነበረም፤ የሌላውን ልጆች ነበር።

አንድ ዓመት በዓላቸው በአንድ ቀን ዋለ። ሦስቱም ቤት በማለዳ ነቅሎ ወጣ። አስቀድሞ ስድብ ተሰማ፤ ከዚያ ግፊያ ሆነ፤ ከዚያ ድንጋይ ይወረወር ጀመር።

የገበሬው ልጅ ያን ቀን ከወንዙ ዳር ሣር ያጭድ ነበር። ከሦስቱም ቤት ወዳጆች ነበሩት፤ አብሯቸው ነው ያደገው። ጩኸቱን ሲሰማ ማጭዱን ጥሎ ወደ ላይ ሮጠ። አባቱ ከማዶ ሆኖ «አትሂድ!» ብሎ ተጣራ፤ አልሰማውም፤ ወይም ሰምቶ አልፎታል። ከመካከላቸው ገብቶ እጁን ዘርግቶ «በእናታችሁ! በእናታችሁ ተዉ!» እያለ ሳለ አንድ ድንጋይ ጆሮ ግንዱን መታው። በአውድማዋ መካከል ወደቀ። አባቱ እያለከለከ ሲደርስ ገና ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ራሱን ጭኑ ላይ አደረገለት። ልጁ ዓይኑን ገልጦ «አባዬ፣ መጣህ?» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ድንጋዩ ከማን እጅ እንደ ወጣ የሚያውቅ አልተገኘም። ከሦስቱም ቤት ለቅሶ ደረሱ፤ አብረው ግን አልመጡም። እያንዳንዱ ቤት ሲመጣ «ከእኛ ወገን አይደለም» ብሎ እየማለ፣ ሌላውን እየጠቆመ ሄደ። ገበሬው አንዳቸውንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የአገሩ ሽማግሎች ደሙ እንዲደርቅ ብለው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሁለቱን ወንድማማቾችና እህታቸውን አስጠሩ። ገበሬውን «ምን ይካስህ?» አሉት።

«ከብታቸውን አልፈልግም፤ ወርቃቸውንም አልፈልግም» አለ። «ከዚያች አውድማ ይውጡልኝ። ሦስቱም ይውጡ። ቦታው ባዶ ይቅር። የልጄ ካሣ ይህ ነው።»

ታላቅየው ጢሙን ያዘ፤ እህትየዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች፤ ታናሽየው መሬት መሬት አየ። «እሺ» የሚል ጠፋ።

ገበሬው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ቦታ ጠቧችሁ ከሆነ የእኔን ውሰዱ» አለ። «ወራሽ የለኝም። መሬቴን ታውቁታላችሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራል፤ ወንዙ አጠገቡ ነው። ለሦስት ተካፈሉት፤ እየተጸለየበትም ይሁን እየታረሰ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉበት። ያችን መላጣ ኮረብታ ግን ተዉአት።»

የአገሩ ሽማግሎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ መሬት የሚሻል መሬት በዚያ አገር አልነበረም። ታላቅየው ተናገረ።

«አንተ የኛ ጌታ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። መሬትህ ከእኛ መሬት ሁሉ ይበልጣል። ግን እሷ አይደለችም።»

እህቱም «እሷ አይደለችም» አለች። ታናሽየው ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን ታየ። ገበሬውንም ከሐዘኑ ይልቅ ያሳበደው ይህ ነው።

ቤቱ ገብቶ እንደ ታሰረ በሬ ይንጎራደድ ጀመር። «ልጄን የበላች መሬት ናት፤ አርሳታለሁ» አለ ለሚስቱ። «ገልብጬ አፈር አደርጋታለሁ። ያን ጊዜ የሚሞቱላት ነገር አይኖርም።»

ሚስቱ ሐዘን ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወደ ኮረብታው የምታይ ሴት ነበረች። እሱ የምትረግም ይመስለው ነበር።

«ይገድሉሃል» አለችው።

«ይግደሉኝ።»

«እኔስ? አንተንም ከዚያው ላንሣህ?»

ሞፈሩን ከግድግዳው አወረደ፤ ማረሻውን በድንጋይ ሳለ። እሷም ከኋላው ቆማ ስታየው ቆይታ፣ «ጠዋት ጠዋት ወደዚያ የማየው ለእርግማን መስሎሃል?» አለችው። ሰማት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አልገባውም። የሚሰማበት ልብ አልነበረውም።

በማግስቱ ፀሐይ ገና ሳትጠነክር በሬዎቹን ጠምዶ ወንዙን ተሻገረ። አንዱ በሬ ቡሬ ነው፣ አንዱ ዳለቻ። ሁለቱም ከልጁ እጅ የለመዱ ነበሩና ቁልቁለቱን ወርደው ውሃው ውስጥ ሲገቡ እየዞሩ ያዩ ነበር፤ ከኋላቸው ያለው ሌላ ሰው ነው። አቀበቱን ሲጀምር ከኮረብታው ላይ አንድ ሰው አየውና ጮኸ። ጩኸቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተላለፈ። አናቱ ላይ ሲደርስ አውድማዋ በሦስት ወገን ተከባ ነበር። ወንዶቹ ዱላና ጦር ይዘዋል፤ ጎረምሶቹ ድንጋይ ጨብጠዋል፤ ሴቶቹ ወገባቸውን ታጥቀዋል።

ያን ጊዜም ቢሆን የተፋጠጡት እርስ በርሳቸው ነበር። ከታላቅየው ወገን አንድ ጎልማሳ «የበረሃዎቹ ናቸው የላኩት! እኛን ለማስወጣት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከታናሽየው ወገን «ውሸታም! እናንተ ናችሁ ገዝታችሁ ያመጣችሁት!» ተባለ። የእህትየዋ ልጆች ሁለቱንም ተሳደቡ። አንድ ጦር ከፍ አለ። ሌላ ጦር ከፍ አለ። ገበሬው ይህን ሁሉ እያየ ማረሻውን በአውድማዋ ጠርዝ ላይ ተከለ። የሚጠብቀው ድንጋይ እስኪመጣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር።

ድንጋዩ ግን አልመጣም። ሦስቱ ሽማግሎች ከየወገናቸው መካከል ወጡ። ታላቅየው የገዛ ልጁን ክንድ ይዞ ወደ ታች ጎተተ። «ይህ ሰው ልጁን ቀብሯል» አለ። «እጁን የሚያነሣበት ልጄ አይደለም።» እህቱና ታናሽየውም የየራሳቸውን ሰዎች እንዲሁ ዝም አሰኙ።

ገበሬው እርፉን እንደ ጨበጠ ዞረ። «ከማረሴ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ» አለ። «ወርቅ ተቀብሮባታል? ውሃ አላት? ልጄ የሞተው ለምንድን ነው? ምኗ ነው እንዲህ የሚያፋጃችሁ?»

ታላቅየው ወደ አሮጌው መሠረት ጠቆመ።

«እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ እዚያ ላይ አቆመኝ። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ፣ ‘ይህች ላንተና ለዘርህ ናት፤ እኔም ከአንተ አልለይም’ ብሎ ማለልኝ። ኋላ ወራሪ መጣ። ቤቱን አቃጠለ፤ እኔን ከነልጆቼ በገመድ አሥሮ ወሰደኝ። በሰው አገር ጭቃ ሳቦካ፣ የሰው ግንብ ስገነባ ኖርኩ። ልጆቼ እዚያው ተወለዱ። ማታ ማታ ፊታቸውን ወደዚህ እያዞርኩ አሳደግኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ‘የት ነው አገርህ?’ ሲሉኝ የምጠቁመው ወደዚህ ነበር። አንተ አሁን እሱን ነው የምታርሰው።»

«ተመልሰህ መጥተህ የለ?» አለው ገበሬው። «አየሃት፤ ረገጥካት። አይበቃህም?»

እህትየዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች።

«እኔ ደግሞ ልጄን ነው የወጉብኝ፣ እዚህ ላይ» አለች። «እንደ ልጅህ ያለ ነበር፤ ክፉ የማይወጣው። ሽፍቶቹ ሰዉን ሁሉ ሊፈጁ ሲሉ ‘እኔን ያዙ፣ እነዚህን ተዉአቸው’ አላቸው። በሰው ሁሉ ፊት ወጉት። ስጮህ አባቴ ከቤቱ ወጥቶ አጠገቤ አመድ ላይ ተቀመጠ። ልጄ እቅፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። ገንዘን ከዚህ ከሥር ካለው ዋሻ አስገባነው። ኋላ ሽቶ ይዤ በማለዳ ብሄድ… በእግሩ ቆሞ ጠበቀኝ። በስሜ ጠራኝ። ሞት ሲሸነፍ ያየሁት እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ አላየሁም።»

የገበሬው ፊት ጠቆረ። «ያንቺ ተነሣ» አላት። «የእኔ አልተነሣም።»

ሴቲቱ አንገቷን ደፋች።

ታናሽየው ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ የበረሃ ልጅ ነኝ። እናቴ ከዚህ ቤት ስትወጣ እኔን አዝላ ነው። አባት የለውም ሲሉኝ አደግሁ። ከዕለታት አንድ ሌሊት ወደዚህ ተመራሁ፤ እንዴት እንደ ደረስኩ ብነግርህ አታምነኝም። አባቴ እዚህ አውድማ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የዘራችንን ሽማግሎች ሁሉ አሰልፎ፣ እኔን ከፊታቸው አቁሞ ‘ምራቸው፤ ጸልይ’ አለኝ። ያን ሌሊት ሰማይ ተከፈተልኝ። መጸለይ ስማር መጀመሪያ ፊቴን ያዞርኩት ወደዚህ ነው። የእሱ ልጅ መሆኔ የተመሰከረልኝ እዚህ ነው፤ ይህን ለማን ልተው?»

ገበሬው ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። «ሁላችሁም የምትጠሩት አንድ አባት ነው» አለ።

«አንድ ነው» አለ ታላቅየው።

«ታዲያ አባታችሁ ሌላ ቦታ አልነበረውም? አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አያገኝም ነበር?»

«ቤቱ እኮ እዚህ ነው» አለች እህትየዋ። «ልጁን ሰው የት ያገኛል?»

ገበሬው በምሬት ከንፈሩን ነከሰ። «እናንተ ሁላችሁ ከዚህ ያገኛችሁት አለ» አለ። «አንዱ ቃል ኪዳን አገኘ፣ አንዷ ልጇን አገኘች፣ አንዱ አባቱን አገኘ። እኔ ከዚህ ያገኘሁት ሬሳ ነው።» ጅራፉን አስጮኸ። «ና በል!»

በሬዎቹ ጎተቱ። ማረሻው መጀመሪያ ሸርተት አለ፤ እንደ ጥርስ ተንቀጫቀጨ፤ ከዚያ ነከሰ። ስንት ዘመን የተደመደመው ምድር ተሰነጠቀና ነጭ አቧራ ተነሣ። ከሦስቱም ወገን አንድ ዓይነት ጩኸት ወጣ። አንዲት አሮጊት በግንባሯ ተደፋች። ጎረምሶቹ ወደ ፊት ሲገፉ ሦስቱ ሽማግሎች እጃቸውን ዘርግተው ያዟቸው፤ ሳያስቡት የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ተቆላልፎ ነበር። ፈሩ እየረዘመ ወደ መካከሉ ሄደ። ገበሬው ግራ ቀኝ አላየም። ዓይኑን ማረሻው ጫፍ ላይ ተክሎ፣ ሙሉ ክብደቱን እርፉ ላይ ጥሎ ይገፋ ነበር።

ድንገት «ቁም!» አለ።

በሬዎቹ ቆሙ። እሱ ራሱ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ። ቁልቁል አየ። ደሙን ክረምት አጥቦታል፤ ምልክት የሚባል አልቀረም። ጉልበቱ ግን አወቀው። የተንበረከከው እዚህ ነበር። የልጁ ራስ ያረፈው እዚህ ነበር። «አባዬ፣ መጣህ?» ያለው እዚህ ነበር።

ጅራፉን አነሣ። ቡሬ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። የገበሬው እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ጅራፉ ከእጁ ወደቀ። ማረሻው ከዚያች ቦታ የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። በሁለት እጁ ሞፈሩን አቅፎ ማረሻውን ከመሬት ነቀለ፤ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ታግሎ ነቀለው። ከዚያም ተንበርክኮ፣ የገለበጠውን አፈር በመዳፉ እየሰበሰበ ወደ ፈሩ ይመልስ ጀመር። ያን ጊዜ አለቀሰ። ልጁን ሲቀብር ያልወጣው ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።

ከጎረምሶቹ አንዱ «አላርስም አለ እንዴ?» አለ ሊያሾፍ። የሣቀለት የለም።

ታላቅየው ቀርቦ ከአጠገቡ ቆመ። «ለምን አቆምክ?» አለው።

«ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኝ እዚህ ነው» አለ ገበሬው። «ልዩ ስለሆነች… አይ፣ መሬት ናት። መሬት ነች፤ አውቃለሁ። ግን እዚህ ነው ያየኝ።»

«ያ ለም መሬትህ በእጥፍ ቢሰጥህ…»

«አትጨርሰው» አለ ገበሬው። «አትጨርሰው፤ ገብቶኛል።»

እህትየዋ መሬት ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። «እንግዲህ አወቅከን» አለችው።

ከዚያ ሴቲቱ ተነሥታ፣ ወንድሟ ከከበው ካብ አንድ ድንጋይ አንሥታ አንገቷ ላይ አኖረችና በገበሬው ፊት ተንበረከከች። በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው ምሕረት የሚለምነው እንዲያ ነው። ልጆቿ ጮኹ፤ «እኛ አልገደልንም! ለምን ትሸከሚያለሽ?» አሏት። ታናሽየው አያትና እሱም ተሸከመ። ታላቅየው ትንሽ ዘገየ። ድንጋይ መሸከም ጥፋትን ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ ለጠላት መሣሪያ መስጠት መስሎ ታየው። በመጨረሻ ግን ሁለቱ ካነሡት የሚበልጥ ድንጋይ አንሥቶ ተንበረከከ።

«ከማናችን እጅ እንደ ወጣ አናውቅም» አለ። «ከሁላችንም እጅ ወጥቷል።»

ገበሬው እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ አወረደላቸው። «ልጄ እንዲህ ተንበርክካችሁ ቢያያችሁ ኖሮ ድንጋዩን ራሱ ነበር የሚያወርድላችሁ» አለ። ይህን ብሎ በሬዎቹን ፈታ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀን ምራቁን ተፍቶ የሄደ ጎረምሳ ነበር። ስለ ካቡና ስለ መብራቱ ደግመው ተጨቃጭቀዋል፤ ሽማግሌ ያስቀመጡበትም ጊዜ አለ። አንድ ነገር ግን ቀረ። «አንተ ሌላ ቦታ ሂድ» የሚል ቃል ከሦስቱም ሽማግሎች አፍ ዳግም አልወጣም። የገበሬው ሚስትም ወንዙን ተሻግራ መውጣት ጀመረች። በአውድማዋ መካከል ትቀመጣለች፤ እህትየዋ መብራቷን ጠጋ ታደርግላታለች፤ ታናሽየው ከሰሌኑ ጫፍ ይሰጣታል፤ ታላቅየውም «ይህች የማን ናት?» የሚል እንግዳ ሲመጣ «የቤቱ ሰው ናት» ይል ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ ዘምዘም።

አውድማዋ ኢየሩሳሌም ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ያ ምድርም ነው። ታላቅየው አይሁድ ናቸው። አብርሃም ልጁን ይዞ የወጣበት ተራራ፣ ለዘሩ ተስፋ የተሰጠበት ምድር፣ ቤተ መቅደሱ የቆመበትና የፈረሰበት ቦታ ያ ነው፤ ተሰደው በዓለም ሲበተኑም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ጸልየዋል። እህትየዋ ክርስቲያኖች ናቸው። ክርስቶስ ያስተማረው፣ የተሰቀለው፣ ተቀብሮም ተነሣ የሚሉት እዚያ ነው፤ ወደዚያ መሄድ ያልቻለው የእኛ አገር ሰው እንኳ ላስታ ላይ የሚወርደውን ውሃ ዮርዳኖስ ብሎ ሰይሟል። ታናሽየው እናንተ ሙስሊሞች ናችሁ። ነቢያችሁ በአንድ ሌሊት ከመካ እዚያ ወዳለው አቅሷ መስጊድ የተወሰዱት፣ በነቢያት ፊት ቆመው ያሰገዱት፣ ወደ ሰማይ ያረጉት ከዚያ ነው፤ ወደ መካ ከመዞራችሁ በፊትም የመጀመሪያው ቂብላችሁ፣ ስትሰግዱ ፊታችሁን የምታዞሩበት፣ ያ ነበር። ይህን አባትሽ ከእኔ በተሻለ ያስተምሩሻል።

ገበሬው ደግሞ፣ ማረሻው ልጁ ከወደቀበት ስፍራ ሳይደርስ በፊት፣ እኔና አንቺ ነን፤ ከወንዝ ማዶ ተቀምጠን «መሬት አይደለም ወይ፣ ለምን አይተዉትም?» የምንል። የምንለውም ክፋት ኖሮብን ሳይሆን እዚያ የወደቀብን ሰው ስለሌለ ነው።

መሬት እንደ ሌላው አፈር አፈር ነው፤ የተለየ አፈር ስላለው አልተቀደሰም። ሰው ከሚወደው ጋር የተገናኘበት ቦታ ግን በሌላ አይለወጥም፤ በለም መሬትም አይለወጥም። ሦስቱ አንድ አምላክ ነው የሚጠሩት፤ አብርሃምን፣ እናንተ ኢብራሂም የምትሉትን፣ ሦስቱም አባቴ ይላሉ፤ ታሪካቸውም ከአንድ ደጃፍ ይነሣል። ስለዚህ የሦስቱም መንገድ እዚያው ቢደርስ ምን ይገርማል? ደሙን የሚያፈሰው ቦታዋን መውደዳቸው አይደለም። የወንድሜ ፍቅር ከእኔ ፍቅር ላይ የተቆረሰ ነው ብሎ ማሰብ ነው ደም የሚያፈሰው። እሱ ደግሞ የመሬት ጥፋት አይደለም፤ የልጆች ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ሊታረም ይችላል።

አንቺ ብቻ ጥያቄሽን ከእንግዲህ አርሚው። እነዚያን ሰዎች ለምን ሌላ ቦታ አትፈልጉም ማለት፣ ለምን ሌላ አባት አትፈልጉም እንደ ማለት ነው።